አለቃዎ ሕመምዎን ለባልደረቦችዎ ሲያወራ፦ ለመርካቶ ሠራተኛ የተዘጋጀ መመሪያ

አንዋር መስጊድ ዙሪያ ባሉ ሱቆች፣ መጋዘኖችና ቢሮዎች የሠራተኛ ሕመም ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ የሚወጣው በክፋት አይደለም። ሥራ አስኪያጁ መዋጮ ሊሰበስብ ይነሣና «ልጁ ሳንባውን ታሟል፣ እንርዳው» ይላል። ካሸሯ የት እንደቀረች ሲጠየቅ «አማኑኤል ሆስፒታል ነው የምትመላለሰው» ብሎ ይመልሳል። በረመዳን ቀትር ላይ ውሃ ስትጠጣ የታየችውን ልጅ ከሐሜት ሊያድናት ብሎ «ኩላሊቷን ነው፣ ተዉአት» ይላል። ሁሉም ለደግ ታስበው የተነገሩ ናቸው። ዙህር ላይ የተባለው ግን ዐስር ሳይሰገድ ከጎን ሱቅ፣ ከደላላው፣ ከደንበኛውና ከጫኝ አውራጁ ጆሮ ይደርሳል።

ይህ መመሪያ የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ ለመርዳትም፣ ሥራ ለመሸፈንም፣ ፈቃድ ለመስጠትም የበሽታው ስም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ስንት ቀን እንደሚቀሩ፣ የትኛውን ሥራ ለጊዜው እንደማይችሉና ማን እንደሚተካዎት ነው። ከዚህ ያለፈው የእርስዎ ነው፤ ማን እንደሚያውቀው የሚወስኑትም እርስዎ ነዎት። ቀጥሎ ያለው ምስጢርዎ ወጥቶ ሲያገኙት ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በቅደም ተከተል የሚያደርጉት ነው። የተጻፈው በዋናነት በግል ድርጅት ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው ነው፤ የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ስለሆነ አቤቱታው የሚገባበት ቦታ ይለያል።

1ኛ. መጀመሪያ ምን እንደወጣ ይለዩ

ወሬ ሲደርስዎት ተቆርጦና ተቀጥሎ ነው። ስለዚህ ወደ አለቃዎ ከመሄድዎ በፊት አራት ጥያቄዎችን ይመልሱ። ማን ተናገረ? ለማን ተናገረ? ምን ብሎ ተናገረ? ከየትስ አወቀ?

አራተኛው ጥያቄ መንገዱን ሁሉ ይወስነዋል። አለቃዎ ያወቀው እርስዎ ራስዎ ስለነገሩት ወይም ያስገቡትን የሐኪም ወረቀት ስላነበበ ከሆነ ጉዳዩ ከእሱና ከድርጅቱ ጋር ነው። ለእሱ ሳይነግሩት ካወቀ ግን ምንጩ ክሊኒኩ፣ መድኃኒት ቤቱ ወይም ዘመድ ሊሆን ይችላል። መርካቶ ውስጥ ደግሞ አሠሪው አጎት፣ የአባት ጓደኛ ወይም ያገር ልጅ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ቤተሰብ «አደራ፣ ልጁን እይልኝ» ብሎ በቅንነት ነግሮት ከሆነ በአለቃው ላይ የሚያነሡት ነገር «ለምን አወቅህ» ሳይሆን «ለምን አወራህ» ነው። ሁለቱን ካቀላቀሉ ክርክሩ ከመጀመሪያው ይበላሻል።

2ኛ. በዚያው ቀን ይጻፉት

ማስታወሻ ደብተር ወይም ስልክ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የነበሩትን ሰዎችና የተባለውን ቃል ሳያሳምሩ ይጻፉ። ለምሳሌ፦ «ማክሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ፣ ሱቁ ውስጥ ዕቃ ስናወርድ። ሥራ አስኪያጁ ለሁለቱ ሻጮችና ለሹፌሩ ‹እሷ መድኃኒት ላይ ናት፣ ከባድ ነገር አታሸክሟት› ብሎ የበሽታዬን ስም ጠራ። የነገረኝ ሹፌሩ ነው።»

ወሬው የወጣው በሠራተኞች የቴሌግራም ቡድን ከሆነ ወዲያው ስክሪንሹት ያንሡ። የላከው ሰው መልእክቱን ከሁሉም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ምስሉ ላይ የቡድኑ ስም፣ የላኪው ስምና ቀኑ መታየት አለባቸው። ምስሉን ለማንም አያስተላልፉ፤ ባስተላለፉት ቁጥር ምስጢሩን እያሰፉ ያሉት እርስዎ ይሆናሉ።

የነገረዎትን ባልደረባ «መስክርልኝ» ብለው አያስጨንቁት። እሱም እንጀራው እዚያው ነው። «ካስፈለገ የሰማኸውን ትናገራለህ?» ብለው ጠይቀው መልሱን ይያዙ፤ የሚበቃው ይኸው ነው።

3ኛ. ሕጉ ከእርስዎ ጋር የት እንደቆመ ይወቁ

የጽሑፍ የሥራ ውል የለኝም ብለው አይስጉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን አይልም፤ በቃል ተቀጥሮ ሱቅ የሚጠብቅ ሰውም በአዋጁ ይጠበቃል።

ከላይ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 አለ፤ የእያንዳንዱን ሰው የግል ሕይወት የመከበር መብት ይደነግጋል። ከዚያ ወደ ሥራ ቦታ ሲወርዱ አዋጅ 1156 በአንቀጽ 12 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ ግዴታ ይጥልበታል። እዚያው አንቀጽ ላይ አሠሪው የሠራተኛውን የጤና ሁኔታ በመዝገብ እንዲይዝ ሲያዝ ኤች አይ ቪ/ኤድስን ከዚህ ለይቶ ያስቀራል። አንቀጽ 14 ደግሞ ሠራተኛ በበቂ ምክንያት ሲጠየቅ የጤና ምርመራ አላደርግም ማለት እንደማይችል ይደነግግና የኤች አይ ቪ ምርመራን ከዚህ ነፃ ያደርጋል፤ በኤች አይ ቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግንም ይከለክላል።

ስለ ኤች አይ ቪ የተጻፉት እነዚህ ቃላት እንዲሁ የገቡ አይደሉም። ከዚህ አዋጅ በፊት በነበረው በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ውስጥም ነበሩ። ያ ዘመን ሰው በሽታው ሲታወቅበት ከሥራም፣ ከተከራየበት ቤትም፣ ከማዕድም የሚገለልበት፣ መቅድምና የተስፋ ጎህን የመሰሉ ማኅበራት ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎችን አሰባስበው መገለልን የታገሉበት ዘመን ነበር። የዓለም ሥራ ድርጅትም በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 200 ማንም ሠራተኛ ኤች አይ ቪ እንዲመረመር ወይም ውጤቱን እንዲናገር እንዳይገደድ ጠይቋል።

ከሁሉም አዲሱ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። የአካልና የአእምሮ ጤናን የሚመለከት መረጃን ከተራ የግል መረጃ ለይቶ ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ጋር መድቦታል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በተለይ ወረቀትዎ ፎቶ ተነሥቶ በስልክ ከተላከ ወይም ከማህደርዎ ወጥቶ ከታየ ይህን አዋጅ ያስታውሱ።

4ኛ. አለቃዎን ለብቻው ያነጋግሩ

ገበያ በደራበት ሰዓት፣ ደንበኛ ፊት ወይም በንዴት ላይ ሆነው አይጀምሩ። ሱቁ ሊዘጋ ሲል ወይም ጠዋት ዕቃ ሳይወጣ ይሻላል። ሦስት ነገር ብቻ ይዘው ይግቡ፦ የሆነውን፣ ያስከተለውን፣ የሚፈልጉትን። ስለ በሽታው ማብራሪያ አይስጡ፤ የመጡት ለዚያ አይደለም።

አሠሪው በዕድሜ የገፉ ሐጂ ከሆኑ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር። ስለ ሕመሜ ለልጆቹ እንደነገሯቸው ሰምቻለሁ። ለእኔ አዝነው እንደሆነ አውቃለሁ፣ አላህ ይስጥልኝ። ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ዕቃ ከእጄ መቀበል ፈርቷል። እኔ ለእርስዎ የነገርኩት አማና ብዬ ነው። ከእንግዲህ ማንም ቢጠይቅዎ ‹ፈቃድ ላይ ነው› ብቻ ይበሉልኝ። ለልጆቹም ሁለተኛ እንዳይነሣ አንድ ቃል ይንገሩልኝ።»

አለቃው እኩያዎ ከሆነ ቃሉ ይጠር፦ «ስለ ጤናዬ ለሰው እንዳወራህ ሰምቻለሁ። አስበህልኝ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን አልፈቀድኩም። ቡድኑ ላይ የጻፍከውን አጥፋልኝ፤ ወረቀቴም ማንም ከማያገኘው ቦታ ይቀመጥ።»

የሚጠይቁት በዕለቱ ሊፈጸም የሚችል ይሁን፦ መልእክቱ ይጥፋ፣ ወረቀቱ ይቆለፍበት፣ ከእንግዲህ ለጠየቀ ሁሉ አንድ ዓይነት አጭር መልስ ይሰጥ። በሠራተኛ ፊት ይቅርታ እንዲጠይቅዎት አያስገድዱት፤ ያልሰማውም ያን ጊዜ ይሰማል። ከተለያዩ በኋላ «ዛሬ የተነጋገርነውን ስለተረዳኸኝ አመሰግናለሁ፤ ጉዳዩ ከእንግዲህ እንዳይነሣ ተስማምተናል» የሚል አጭር መልእክት ይላኩለት። ነገሩ በሰላም ካለቀ ምስጋና ሆኖ ይቀራል፤ ካላለቀ ማስረጃ ይሆናል።

5ኛ. ለባልደረቦች የሚሉትን አስቀድመው ያዘጋጁ

ሰው መጠየቁ አይቀርም፤ ግማሹ ከልቡ አዝኖ ነው። መዋሸትም ማብራራትም የለብዎትም። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፣ ሐኪም ይከታተለኛል» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እየተሻለኝ ነው» ብለው ወደ ሥራው ይመለሱ። «ምንህን ነው ግን?» ብሎ ለሚያጠብቅ ሰው «እሱን ለሐኪሜ ትቼዋለሁ» ማለት ይበቃል።

በጾም ወቅት መልሱ በባህላችን የተዘጋጀ ነው። «ዑዝር አለብኝ» ያለን ሙስሊም ምንህን ነው ብሎ የሚመረምር ጨዋ ሰው የለም፤ ሃይማኖቱ ራሱ ለታመመ ፈቅዷል። ክርስቲያኑም «የነፍስ አባቴ ያውቃሉ» ካለ ነገሩ እዚያው ይዘጋል። አለቃም በእርስዎ ፈንታ ሲመልስ ከዚህ ያለፈ ቃል አያስፈልገውም።

ወሬው ፍርሃት ከፈጠረ ግን ዝምታ ብቻውን አይበቃም። ስለ እርስዎ ሳይሆን ስለ በሽታው እውነቱን የሚናገር ሰው ይፈልጉ፤ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጥቶ ለሁሉም ቢያስተምር ማንንም ነጥሎ አይጠቁምም። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ወራትን ይወስዳል፤ ይሁንና መድኃኒቱን በትክክል የጀመረ ሰው የማስተላለፍ አቅሙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጅግ ይቀንሳል፤ ወደ ሥራ መቼ እንደሚመለስ የሚወስነውም ሐኪሙ ነው። ኤች አይ ቪ በመጨባበጥ፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣትም ሆነ ብር በመቀባበል አይተላለፍም። የሚጥል በሽታም በአረፋ ወይም በትንፋሽ አይተላለፍም።

6ኛ. ማወቅ ያለበት አንድ ሰው ካለ እርስዎ ይምረጡት

አንዳንድ ሕመም ሥራ ቦታ ላይ ድንገት ይነሣል። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ሲወርድ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይዘበራረቃል፤ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ለስላሳ ወይም በስኳር የበጠበጡትን ውሃ ቶሎ ማጠጣት ያስፈልጋል። የሚጥል በሽታ የተነሣበትን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ ከአካባቢው የሚጎዳውን ነገር ማንሣት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ክብሪት ማሽተት አይረዳም።

እንዲህ ያለ ሕመም ካለብዎ የሚያምኑትን አንድ ባልደረባ ይምረጡና ራስዎ ይንገሩት፤ ምን እንደሚያደርግና ለማን እንደሚደውል ያሳዩት። ለአለቃዎም «እገሌ ያውቃል፣ ድንገት ብታመም እሱን ጥሩ» ይበሉት። ደኅንነትዎ ይጠበቃል፤ ምስጢርዎም ከአንድ ሰው አያልፍም።

7ኛ. ሽማግሌ ሲገባ ጥንቃቄ ያድርጉ

አለቃዎ ካልሰማዎት በሰፈሩ ወግ ቀጣዩ ሽማግሌ ነው፤ ጥሩ ሽማግሌ ከችሎት በፊት ብዙ ነገር ይጨርሳል። አደጋው ሽማግሌው ራሱ አዲስ ጆሮ መሆኑ ነው። ሦስት ሰው ለዕርቅ ሲቀመጥ «ለመሆኑ ሕመሙ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ከመለሱም የምስጢሩ ባለቤቶች በሦስት ይጨምራሉ።

ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ ይምረጡ፤ ከአለቃው የሚበልጥ፣ ከሠራተኞቹ ጋር የማይውልና በአደራ የታወቀ ይሁን። ጉዳዩንም «በአደራ የነገርኩትን አወራብኝ» ብለው ያስረዱ። በሽታው ለዕርቁ ምንም አይጨምርም። «ስሙን ሳትጠይቁኝ ዳኙን» ቢሉ ነውር የለበትም። አለቃው በዕርቁ ላይ ስሙን ሊጠራ ሲል እርስዎም ሽማግሌውም ማስቆም አለባችሁ፤ ይህን ለሽማግሌው አስቀድመው ይንገሩት።

8ኛ. በጽሑፍ ያስገቡ

ወሬው ከቀጠለ፣ ከሥራ ቦታዎ ከተነሡ፣ ደመወዝዎ ከተነካ ወይም ደንበኛ ፊት እንዳይታዩ ከተደረጉ ነገሩ ከሐሜት አልፏል። ያን ጊዜ ለባለቤቱ ወይም ለዋናው ሥራ አስኪያጅ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፦

«ጉዳዩ፦ የግል የጤና መረጃዬ ያለፈቃዴ መነገሩን ስለማሳወቅ

በድርጅቱ ውስጥ በ…… የሥራ መደብ ከ…… ዓ.ም. ጀምሮ እየሠራሁ እገኛለሁ። በ…… ቀን የቅርብ አለቃዬ ለሕመም ፈቃድ ብቻ የሰጠሁትን የግል የጤና መረጃ ያለፈቃዴ ለባልደረቦቼ ነግረዋል። በዚህም ምክንያት …… ደርሶብኛል። ስለዚህ ድርጊቱ እንዲቆም፣ የተላከው መልእክት እንዲጠፋ፣ የሕክምና ወረቀቴ ለብቻው ተቆልፎ እንዲቀመጥና የተወሰደው እርምጃ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

የበሽታውን ስም ደብዳቤው ላይ አይጻፉ። ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱን ይስጡና በሌላው ላይ የተቀበለው ሰው ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን እንዲያኖር ያድርጉ። አልፈርምም ካለ አለመፈረሙን፣ ቀኑንና የነበረውን ሰው ራስዎ ቅጂው ላይ ይጻፉ። አቤቱታ ስላቀረቡ ሊያሰናብቱዎት አይችሉም፤ የአዋጅ 1156 አንቀጽ 26 በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብን ለስንብት በቂ ምክንያት ከማይሆኑት መካከል ዘርዝሮታል።

9ኛ. ከሱቁ ውጭ የት ይሄዳሉ?

ለግል ድርጅት ሠራተኛ የመጀመሪያው በር የአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ወደ ድርጅቱ ሄዶ እንዲያይና እንዲያነጋግር መጠየቅ ይችላሉ። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ቦታ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ ካለዎት ከማኅበሩ ሊቀመንበር ይጀምሩ። ሴት ከሆኑና ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌለዎት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል።

ምስጢሩ የወጣው ከክሊኒክ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስትና ረዳቶቻቸው በሙያቸው ያወቁትን ምስጢር ሲያወጡ ያስቀጣል። የሚከሰሱት ግን ተበዳዩ አቤት ሲል ነው፤ አቤቱታውም ድርጊቱንና ፈጻሚውን ካወቁበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። አለቃ በዚህ አንቀጽ ስር አይወድቅም። በስም ማጥፋት እከሳለሁ ካሉም ስምዎን ለመጉዳት አስቦ መናገሩን ማስረዳት ይጠበቅብዎታል፤ መዋጮ ሊሰበስብ የተናገረ አለቃ ላይ ይህ ከባድ ነው።

ካሳን በሚመለከት ተስፋዎን በልኩ ያድርጉት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2116 ለሞራል ጉዳት የሚከፈለውን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። ያጡት ደመወዝ፣ የቀረብዎ ኮሚሽን ወይም ያወጡት ወጪ ካለ ግን በደረሰኝ ያስደግፉት፤ ክርክሩ የሚጠነክረው በዚያ ነው።

ሥራውን መልቀቅ ከፈለጉ ቀኑን ይቁጠሩ። አሠሪው ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ይህ መብት ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካበቃበት ቀን አንሥቶ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይቀራል። ፍርድ ቤት ምክንያቱን ካልተቀበለው ካሳ የሚጠየቁት እርስዎ ሊሆኑ ስለሚችሉ የሕግ ባለሙያ ሳያማክሩ ወጥተው አይሂዱ። አሠሪው ካባረረዎ ደግሞ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

10ኛ. ለሚቀጥለው ጊዜ፦ ወረቀቱን እንዴት ያስገባሉ?

ብዙ ምስጢር የሚወጣው ከአፍ ሳይሆን ከወረቀት ራስጌ ነው። አማኑኤል የሚል ማኅተም ያየ ሰው ስለ አእምሮ ሕመም፣ ቅዱስ ጴጥሮስ የሚል ያየ ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ አለርት የሚል ያየ ስለ ሥጋ ደዌ ያስባል። ከውስጥ የተጻፈውን ማንበብ እንኳ አያስፈልገውም። አማኑኤል ደግሞ ከመርካቶ በእግር የሚደረስበት ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ስሙን ያውቃል።

የሚከተሉትን ያድርጉ። ሐኪምዎን የዕረፍቱን ቀናትና ከከባድ ሥራ መታቀብ ካለብዎ ያንን ብቻ የሚገልጽ ማስረጃ ይጠይቁት፤ ለአሠሪ የሚሰጥ መሆኑን ይንገሩት። የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎችም በነፃ ስለሚሰጥ ክትትሉን በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ የጤና ጣቢያ ማኅተም ለተመልካች ምንም አይናገርም። ወረቀቱን በፖስታ አሽገው ለአንድ ሰው በእጁ ይስጡ። በቴሌግራም ፎቶ አንሥተው አይላኩ፣ ካሸር ጠረጴዛ ላይ አይተዉት፣ በባልደረባ አይላኩት።

ፈቃዱ ራሱ መብት መሆኑንም አይርሱ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ቢታመም በአዋጅ 1156 አንቀጽ 85 መሠረት በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። ከእርስዎ የሚጠበቀው በቀሩ ማግስት ማሳወቅና መንግሥት ካወቀው የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማቅረብ ነው። ፈቃዱ በአሠሪው ርኅራኄ የሚገኝ ስላልሆነ ሕመምዎን እየተረኩ ማስለቀስ አይጠበቅብዎትም።

ለአሠሪዎችና ለሥራ አስኪያጆች

ይህን ያነበቡት አለቃ ሆነው ከሆነ ከእርስዎ የሚጠበቀው ጥቂት ነው። የሠራተኛ የሕክምና ወረቀት ከደመወዝና ከቅጥር ወረቀት ተለይቶ በአንድ መሳቢያ ይቆለፍ፣ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ይሁን። በአሜሪካ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ አሠሪዎችን የሚያዘው ይህንኑ ነው፤ የትኛውም የመርካቶ ሱቅ ሳይቸገር ሊያደርገው ይችላል።

መዋጮ መሰብሰብ ከፈለጉ አስቀድመው የታመመውን ሰው ይጠይቁ፦ «ልጆቹ ሊረዱህ ይፈልጋሉ፣ ምን ብዬ ልንገራቸው?» መልሱን ቃል በቃል ይጠቀሙ። «እገሌ ታሟል፣ ሕክምና ላይ ነው፣ የቻላችሁትን አድርጉ» ብሎ የተጠየቀ ሰው የበሽታው ስም ስላልተነገረው እጁን አያጥፍም። ሠራተኛው «አይሰብስቡልኝ» ካለም ይተዉት፤ መርዳት ከፈለጉ ከራስዎ ኪስ በፖስታ ይስጡት። ጥየቃ ሲሄዱም አድራሻውን ለሠራተኛ ከማደልዎ በፊት ፈቃዱን ያግኙ፤ አልጋው ያለበት ክፍል ስም ራሱ በሽታውን ይናገራል።

ቀድመው ተናግረው ከሆነ ደግሞ «ያልኩት እውነት ነው» ብለው አይከራከሩ። ቅሬታው ስለ ውሸት አይደለም። መልእክቱን ያጥፉ፣ ለሰሙት ለየብቻ «ያ ነገር እዚህ ይቁም» ይበሏቸው፣ ሠራተኛውን በግል ይቅርታ ይጠይቁ።

እስከየት ልሂድ?

ሁሉንም ደረጃ መውጣት ግዴታ አይደለም። አለቃዎ በመጀመሪያው ንግግር ከደነገጠና ካስተካከለ ማስታወሻዎን አስቀምጠው ሥራዎን ይቀጥሉ። ከቀጠለ ደብዳቤ ይጻፉ። ሥራዎ፣ ደመወዝዎ ወይም ደኅንነትዎ ከተነካ ከ15 ቀኑና ከ3 ወሩ በፊት የሕግ ምክር ይጠይቁ። ክስ ሲነሣ ጉዳዩ ፋይል ይከፈትለታል፤ ምስክር ይጠራል፤ ተከራካሪውም ስለ ሕመምዎ ይጠይቃል። ስለዚህ ከመክሰስዎ በፊት የሕግ ባለሙያውን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ ጉዳዩ በዝግ ችሎት እንዲታይ ማመልከት ይቻል እንደሆነና ያለ በሽታው ስም እስከየት መከራከር እንደሚቻል። ሁለቱን መልሶች ሳይዙ ክስ አይክፈቱ።